ደንገሉ ተንሳፎ ይመለስ፤ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደርና የጣናን ጉዳይ ለያዙ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ሆይ፤

በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የሥነ ሕይወት ትምህርት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ከሐይቁ ዳር ሩቅ ስላልሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የጣና ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ድሮ የሚገባው የእርጥብ ሣርና የዓሣ ሽታ ነበር፤ አሁን የቦይ ሽታ ተቀላቅሎበታል። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት ጣና የማንም የግል ጉዳይ ስላልሆነ፣ እናንተም ስትመልሱልኝ የከተማው ሰው ሁሉ አብሮ እንዲሰማ ስለፈለግሁ ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። የከተማችን ጎርፍና ፍሳሽ ወደ ጣና ከሚወርድባቸው ቦዮች የአንዱ አፍ ይመረጥ፤ እዚያ ላይ በሚመጣው በጋ ደንገል፣ ማለትም ታንኳ የሚሠራበት ፓፒረስ የሚባለው የውሃ ዳር ተክል፣ የተተከለበት ተንሳፋፊ መደብ ይዘርጋ፤ ሥራውና ምርቱም ደንገል ማጨድና ማሰር ከአያት ከቅድመ አያት ለወረሱት ለነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ይሰጥ።

ተንሳፋፊ ተክል የሚለውን ስታነቡ ምን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። በ2004 ዓ.ም. እንቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደራ ያለ ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ልከዋል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ክልሉ በሙሉ ለአንድ ወር ዘመቻ ወጥቷል። እኔም በአንድ ወቅት ተማሪዎቼን ይዤ ሄጃለሁ። አልቅቱ ባታችን ላይ እየተጣበቀ፣ ክንዳችን እያሳከከን ቀኑን ሙሉ ስንጎትት ውለን ማምሻውን ነፋሱ ዞሮ፣ ያጸዳነውን ዳርቻ በሌላ አረንጓዴ ምንጣፍ ሲሸፍነው ቆመን ያየንበትን ሰዓት አልረሳውም። አንዲት ተማሪዬ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ያህል የደከመ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሐይቁ ላይ ተክል እናንሳፍፍ ማለት ድፍረት እንደሚመስል ይገባኛል። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ሥሩን የሚይዝለት ነገር የለም፤ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል፤ የተበጠሰው ቁራጭ ራሱን ችሎ ሌላ እንቦጭ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ደንገል ግን የጣና የራሱ ተወላጅ ነው። ዓሣው በሥሩ ዕንቁላል ሲጥል፣ ወፉ በጫፉ ጎጆ ሲሠራ፣ ሰው ታንኳ ሲሠራበት የኖረ ተክል ነው። እኔ የምለው መደብ ደግሞ ታስሮ የሚቆም፣ ቁጥሩና ስፋቱ የታወቀ፣ ከተፈለገም በአንድ ቀን ፈትቶ ወደ ዳር መጎተት የሚቻል ነው። ሁለቱ ውሃ ላይ ከመንሳፈፋቸው በቀር የሚያመሳስላቸው የለም።

ደግሞም እንቦጭ ጣና ላይ የተመቸው ገበታ ተዘርግቶ ስለጠበቀው ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ከታረሰው ተዳፋት የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ፤ ከጎንደርም ከእኛም ከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለአረንጓዴ ነገር ሁሉ ምግብ ነው። ገበታው ካልተነሣ አንዱን እንግዳ ብናባርር ሌላው ይቀመጥበታል። ተንሳፋፊው የደንገል መደብ የሚሠራው ሥራ ገበታውን ማንሣት ነው፤ እንቦጭ የሚበላውን ቀድሞ ይበላበታል።

ባለፈው ሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ከአንዱ ቦይ አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ውሃው መጀመሪያ የቡና አተላ መስሎ ወረደ። ቀጥሎ የሳሙና አረፋ መጣ፤ ከአረፋው ኋላ ፌስታል፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና አንድ የሕፃን ጫማ ተከታተሉ። ጥቁሩ ውሃ ከሐይቁ ጋር ወዲያው አልተቀላቀለም፤ እንደ ፈሰሰ ቀለም ጥርት ያለ ጠርዝ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያ ጠርዝ ላይ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ነበር። ከእኔ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች፤ ሁለት ልጆች እየዘለሉ ይዋኛሉ። አንደኛውን ልጅ ጠርቼ፦

«ከዚያ ውጣ፣ ልጄ፣ ውሃው ቆሻሻ ነው» አልኩት።

«ታዲያ የት እንዋኝ?» አለኝ።

የምመልስለት አጣሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ተንሳፋፊ መደብ ማለት ምን እንደሆነ ላላየው ሰው ላስረዳ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ማዕቀፍ ይሠራል፤ በማዕቀፉ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ በመረቡ ቀዳዳ ውስጥ የረግረግ ተክል ይተከላል። አፈር የለውም። ተክሉ ምግቡን በሙሉ ከውሃው መውሰድ ስላለበት ሥሩን ወደ ታች ያንጠለጥላል። ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ውበቱ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ከታች ነው።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላየሁትም። ገና በማስተማር ላይ ሳለሁ፣ በግቢዬ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ሰማያዊ በርሜሎች በቦይ ውሃ ሞላን። በአንደኛው ላይ ከቀርከሃ ስንጥርና ከባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ የሠራነውን ትንሽ መደብ አንሳፈን የደንገል ሥር ተከልንበት፤ ሁለተኛውን እንዲሁ ተውነው። አንድ ተማሪ በሁለቱም በርሜሎች ውስጥ አንድ አንድ ብር ሳንቲም ጣለና መጀመሪያ የሚታየው የቱ እንደሆነ እንይ አለ። በየቀኑ ጠዋት ከክፍል በፊት እየመጡ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ያለ ተክል የተተወው በርሜል ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጎመን ቅቅል ውሃ አረንጓዴ ሆነ፤ ሳንቲሙም ጨርሶ ጠፋ። ደንገሉ ያለበት ግን ሳምንታት በተቆጠሩ ቁጥር እየጠራ ሄዶ አንድ ቀን ልጆቹ ሳንቲሙ ታየ ብለው ጮኹ። ጎረቤቴ እትዬ «የወባ ትንኝ ታራቡብናላችሁ» ብለው ተቆጥተውን ነበርና አምባዛ ጫጩት ገዝተን ጨመርንበት። የትንኙም ትል ቀረ። እሳቸው ያሉት እውነት ነው፤ ዓሣ በማይደርስበት የቆመ ውሃ ላይ ይህን መሥራት አይገባም።

መደቡን ስናነሣው ሥሩ ክንድ የሚያህል ሆኖ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። በጣት ሲዳሰስ ያሙለጨልጫል። ያ የሚያሙለጨልጨው ለጋ ቅባት መሳይ ነገር የባክቴሪያ መንደር ነው፤ ብዙውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ተክሉ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ የሚያወርደው ኦክስጅን በሥሩ ዙሪያ ላሉት ባክቴሪያዎች ይደርሳል፤ እነሱም ከሽንትና ከቆሻሻ የመጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ትንሽ ራቅ ብለው ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩት ደግሞ ናይትሬቱን ተቀብለው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል፤ ጋዙም ወደ መጣበት አየር ይመለሳል። በውሃው ውስጥ የሚዋልለው ደቃቅ ጭቃ በሥሮቹ መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱን አጥቶ ይያዛል ወይም ይሰምጣል። ከላይ ያለው ጥላ ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ብርሃን ይነሣዋል።

ፎስፈረስ ግን እንደ ናይትሮጅን ወደ አየር መውጫ የለውም። ወይ ከጭቃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ወይ ተክሉ ወስዶ በአካሉ ውስጥ ያኖረዋል። ተክሉ ሳይታጨድ አርጅቶ ውሃው ላይ ከወደቀና ከበሰበሰ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ያስረክባል። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ከሚያነብ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይያዝልኝ ብባል የምለው ይህንን ነው፦ ሐይቁን የሚያጸዳው ማጭዱ ነው። ተክሎ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ለጣና ምንም አያደርግለትም። ደንገሉ በየወቅቱ ታጭዶ ከውሃው መውጣት፣ ከሐይቁም መራቅ አለበት። እያንዳንዱ ሸክም ደንገል ከቦዩ የመጣ ቆሻሻ ተሸክሞ ይወጣል።

ነገደ ወይጦን ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለጨዋነትም ሆነ ለርኅራኄ ብዬ አይደለም። ደንገልን አጭዶ ከሐይቁ የማውጣትን ሥራ ኑሮው አድርጎ የኖረ ሕዝብ በእጃችን ላይ አለ። ታንኳ ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። የተሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፤ ሲደርቅ ቀሎ ይመለሳል። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ከሳቸው አጠገብ ተቀምጬ የደንገሉን ዘንግ በጣታቸው ሲጫኑት አየሁ። ለጋውን ወዲያ፣ የበሰለውን ወዲህ ይለያሉ። ሲያስሩም ወፍራሙን ጫፍ ከቀጭኑ ጋር እያቀያየሩ፣ ልጡን በጉልበታቸው ረግጠው እያጠበቁ ነው። ስለ ተንሳፋፊው መደብ ከነገርኳቸው በኋላ ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ደንገል ስታጭድ ሥሩን አትንካ፣ ለጋውን አትንካ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርስ። እኛ አባቶቻችን እንዲህ አስተማሩን። ሐይቁ ዳር ደንገል የቀረው እንዲህ ያደረግን ሰዎች እዚያ እስከ ነበርን ድረስ ነው።»

እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት የጻፍኩትን ትምህርት እሳቸው በሦስት ክልከላ ጨረሱት። ለጋው ሳይቆረጥ ሲቀር ሥሩን ይቀልባል፤ ከፊሉ ሲቀር ባክቴሪያዎቹ ማደሪያ አያጡም፤ የበሰለው ሲወጣ ፎስፈረሱ ይወጣል። በዘመናት መካከል ይህ ማኅበረሰብ በጎረቤቶቹ ተንቆ፣ ማዕድ ሳይጋራ፣ ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ከሐይቁ ዳር እየተገፋ ኖሯል። ደንገሉም ከሱ ጋር አብሮ ተገፋ። ሁለቱን በአንድ መንገድ መመለስ የሚቻል ከሆነ ይህን መንገድ ያልሞከርንበትን ምክንያት እኔ አላውቅም።

የሚታጨደው ደንገል ለታንኳ፣ ለምንጣፍ፣ ለቅርጫትና ለጣሪያ ይውላል። የከተማ ፍሳሽ የጠጣ ተክል ለከብት መኖ ቢሰጥ እኔም አልስማማም፤ ተመርምሮ ካልተረጋገጠ በቀር ወደ ምግብ መግባት የለበትም። በመደቡ ላይ ቄጠማ ለመትከል የሚያስብም ይኖራል፤ ቄጠማ ግን በዓል ሲመጣ በየቤቱ የሚጎዘጎዝ፣ ሕፃን የሚድህበት ስለሆነ ከቦይ አፍ ላይ ታጭዶ ወደ ገበያ መሄድ የለበትም። ደንገል ከዚህ ሁሉ ስጋት ይሻላል፤ ደርቆ ዕቃ ነው የሚሆነው።

ደንገሉን ለምን እንደ ቀድሞው ዳር ላይ አንተክለውም የሚል ጥያቄ ይነሣል። በተቻለበት ሁሉ ይተከል። ነገር ግን የጣና ዳር የሚቆምበት ቦታ የለውም። ሐይቁ በሰኔ ገደማ ዝቅ ይልና ክረምቱን ጠጥቶ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል። የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሠራ፣ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውሃው ከፍታና ዝቅታ በሰው እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ወርዶ የጀልባና የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ውሃው በሸሸ ቁጥር ዳር ላይ የቆመው ደንገል በደረቅ መሬት ይቀራል፤ የባሕር ሸሽ እርሻም ተከትሎ ይገባል፤ ከብትም ይለቀቅበታል። ገበሬውን አልወቅስም፣ መሬት አጥሮት ነው። ተንሳፋፊ መደብ ግን ሐይቁ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ማረሻም በሬም አይደርስበትም።

ይህ ተክል ይህን ሥራ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የዓባይ ወንድም ነጭ ዓባይ ከሚነሣበት ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ የካምፓላ ከተማ ፍሳሽ ለአሥርት ዓመታት ወደ ሐይቁ የገባው የናኪቩቦን ረግረግ አቋርጦ ነው። በረግረጉ ላይ ደንገል እንደ ምንጣፍ ተንሳፎ ይበቅል ነበር። ተመራማሪዎች ሲለኩት ደንገሉ ያለበት ክፍል ሌላ ሣር ከበቀለበት ክፍል የበለጠ ፍሳሹን ያጣራ ሆኖ አገኙት፤ የደንገሉ ምንጣፍ ሳሳ ያለ በመሆኑ ውሃው በሥሮቹ መካከል ማለፍ ይችላል። የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ለብዙ ዘመን የተቀዳውም ረግረጉ ከሚያፈስበት ከዚያው ባሕረ ሰላጤ ነው። በኋላ ረግረጉ በእርሻና በሰፈራ እየተቆረሰ አቅሙ ደከመ፤ ከተማዋም በብዙ ገንዘብ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ መገንባት ግድ ሆነባት። በሕንድ ሃይደራባድ ደግሞ የነቅናምፑር ሐይቅ በቤት ፍሳሽ ታፍኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2018 በቀርከሃ ማዕቀፍ ላይ የተተከለ ተንሳፋፊ መደብ አሠሩለት። ቀርከሃ ከእኛ ከአዊ ምድር ይበልጥ የት ይገኛል?

አሁን ደግሞ መደቡ የማይችለውን መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ እኔም ከዋሾቹ እቆጠራለሁ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ የምለው የመጀመሪያ መደብ 300 ካሬ ሜትር ቢሆን ከሐይቁ ስፋት አሥር ሚሊዮንኛውን እንኳ አይሞላም። ሐይቁን በሙሉ በደንገል መደብ ማጽዳት የሚባል ነገር የለም። ጥቅሙ ቆሻሻው ገና ሳይበተን፣ ከቦዩ አፍ ሲወጣ በጠባቡ ቦታ ላይ መያዙ ነው። ከተራራው የሚታጠበውን አፈር አያስቆምም፤ እሱ የእርከንና የተፋሰስ ሥራ ነው። የፋብሪካና የጋራዥ ኬሚካል ቢለቀቅበት ራሱ ይሞታል። የሽንት ቤት ጉድጓዱን በስውር ከጎርፍ ቦይ ጋር ላገናኘ ሰው ይቅርታ መስጫ ሊሆንም አይገባም። ከተማችን የሚገባት ፍሳሽን ከጎርፍ ለይቶ የሚሰበስብ መስመርና የሚያጣራ ጣቢያ ነው፤ መደቡ የዚያ ምትክ ነው የሚል ማንም ቢመጣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ነገር ግን ያ ጣቢያ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አይታወቅም፤ ቦዩ ደግሞ ዛሬም እየወረደ ነው። ማጣሪያው ከተሠራም በኋላ የጎርፉ ውሃ ይቀራልና መደቡ ሥራ አይፈታም።

አሠራሩን በሚመለከት ያለኝን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ መደብ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ሁለት ሰው ተሸክሞት ውሃ ላይ ያሳርፈዋል፤ መቶው ሲያያዝ 300 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለመንሳፈፊያ የታሸገ ጀሪካን ይበቃል፤ በየቆሻሻ መጣያው የሞላ ነው። ስታይሮፎም ግን አይግባ፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየተፈረፈረ ዓሣው ይበላዋል። መረቡን የቃጫ ገመድ ይሠራዋል፤ ቃጫው በሚበሰብስበት ጊዜ የደንገሉ ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ራሱን ይሸከማል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የጣናን ማዕበል የማያውቅ ሰው ማሰሪያውን አይንካ። መልሕቁ በአራቱም ማዕዘን ይሁን፣ ገመዱም ሐይቁ በጥቅምት ከፍ ሲል እንዲለቅ ተረፍ ብሎ ይታሰር። ቦታው በሰኔ እንኳ ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት የሚኖረው ይሁን። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፦ ውሃው ሲቀንስ ሥሩ ከታች ያለውን ጭቃ ከነካ እዚያው ይተከላል፤ ክረምት ሲመጣና ውሃው ሲሞላ መደቡ መነሣት አቅቶት ከነተክሉ ይሰምጣል። የአንድ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

ከመደቡ በፊት ቦዩ ውስጥ ላስቲክና ጠርሙስ የሚይዝ ወንፊትና ጭቃ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱም በየጊዜው ይጠረግ። ለተከላ የሚሆነው የደንገል ሥር ከቀረው ጥቂት ደንገል ላይ እየተገሸለጠ መምጣት የለበትም፤ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ተወስዶ አስቀድሞ በችግኝ ኩሬ ይራባ። ሥራው በጥር ቢጀመር ሥሩ እስከ ሰኔ ጎርፍ ድረስ ይበረታል። ጉማሬውም የራሱን ድርሻ መጠየቁ አይቀርም፤ ቦታ ሲመረጥ ከሱ መሄጃ ይራቅ። ወፎች ለጋውን እንዳይለቅሙት ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጭን መረብ ከላይ ይልበስ።

ከዚህ በላይ የምጠይቃችሁ ቁጥር እንዲታወቅ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውሃ የሚለኩ ሰዎችና ቤተ ሙከራ አሉት። መደቡ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ከተዘረጋ በኋላም በየወሩ፣ ከመደቡ ወዲህና ወዲያ ያለው ውሃ ይለካ፤ ኦክስጅኑ፣ ናይትሬቱ፣ ፎስፌቱ፣ ከሽንት ቤት የሚመጣው ባክቴሪያ። ምን ያህል ሸክም ደንገል እንደወጣ ይመዘገብ። ውጤቱ በጎም ይሁን መጥፎ ሐይቁ ዳር በሚቆም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ካልሠራ አልሠራም ይባል፤ እኔም በዚሁ ዓምድ ላይ ተሳስቼ ነበር ብዬ እጽፋለሁ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እልል ብለናል፤ ያ መዝገብ ሰውና ተፈጥሮ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ የሚሞከርበት ቦታ ማለት ነው። ሙከራው ይኸውላችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ በሁለት ገጽ ጽፌ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገብቼ ነበር። ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ቤት ገባ፤ ስሄድ ስመለስ ዓመቱ አለቀ። ቂም ይዤ አላነሣሁትም፤ የጠየቅሁት የተሳሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ ሁላችሁንም በአንድ ላይ የጠራሁት፤ ውሃው የአንዱ፣ ዓሣው የሌላው፣ ቦዩ የሦስተኛው፣ ዳሩ የአራተኛው መሥሪያ ቤት ስለሆነ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጣችሁ በቀር ማንም ብቻውን እሺ ሊለኝ አይችልም።

ከእኔ የሚጠበቀውን አዘጋጅቻለሁ። የመደቡ ንድፍ በእጄ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ጉልበታቸውን ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። አባባ ደግሞ የደንገሉ ሥር ያለ ጉዳት ሊወሰድ የሚችልባቸውን ቦታዎች በታንኳቸው ወስደው አሳይተውኛል። ሥሩ የሚነሣው ውሃው ሳይቀንስ፣ ከጥምቀት በፊት ነው ይላሉ። ስለዚህ የምትመልሱልኝ ከሆነ እስከ ኅዳር መጨረሻ መልሱልኝ፤ ቦታውን አብረን ለማየት የፈለጋችሁ ቀን ከጠዋቱ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ቦዩ አፍ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ፣ የሥነ ሕይወት መምህር የነበረ